የሰሜን ሸዋ አርበኛ፦ ጀግና የሚያሰኘው ምንድን ነው?

አርበኛ የሚባለው ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገር ከያዘ በኋላ አልገዛም ብሎ ዱር ቤቴ ያለ ተዋጊ ነው። በሰሜን ሸዋ ተጉለት፣ ቡልጋ፣ መንዝ፣ መርሐቤቴ፣ ጅሩና ሰላሌ ዋና መናኸሪያዎቹ ነበሩ።

ከዚያ ዘመን በፊት ጀግና የሚለካው በግዳይ ነበር። ገድሎ የተመለሰ ዘራፍ ብሎ ይፎክራል፣ ከጌታው ሹመት ወይም ሽልማት ያገኛል።

በአምስቱ ዓመት ይህ ተለወጠ። ንጉሡ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከአዲስ አበባ ወጥተዋል። ሸላሚም ሿሚም የለም። የጀግና የመጀመሪያው አዲስ መለኪያ ማንም ሳያዘው መነሳት ሆነ። ኃይለ ማርያም ማሞ ለዚህ ቀዳሚ ናቸው። የጣልያኑ የጦር አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ደብረ ብርሃን አጠገብ ጫጫ ላይ አደጋ ጣሉበት። የሸዋ የመጀመሪያው አርበኛ የሚባሉትም በዚህ ነው። በ1930 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ።

ሁለተኛው መለኪያ መሰንበት ነው። የራስ ጎበና የልጅ ልጅ ራስ አበበ አረጋይ ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። አምስቱን ዓመት ሙሉ ሳይያዙ ቆይተው በ1933 ዓ.ም. ንጉሡን ለመቀበል ከአርበኞቻቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። በመሐል ከጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ጋር መደራደራቸውን አንዳንዶች እንደ መወላወል ያዩታል። ሆኖም ድርድሩ ጊዜ መግዣ ነበር፤ እጃቸውን አልሰጡም።

ሦስተኛው ሐዘንን ችሎ መዋጋት ነው። በታኅሣሥ 1929 ደጃዝማች አበራ ካሳና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ፍቼ ላይ ተገደሉ። የአበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ጦር እየመሩ ትግሉን ቀጠሉ። በግንቦት 1929 የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ዲያቆናቱ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው እንገጫ ላይ ተገደሉ። የጣልያኑ አገረ ገዢ የግራዚያኒ ቴሌግራሞች በድምሩ 449 ሰው ይላሉ። የኋላ ጥናቶች ግን ከሺህ በላይ ያደርሱታል፤ ይህኛው ለእውነት የሚቀርብ ይመስላል። እልቂቱ ሕዝቡን ከማስበርገግ ይልቅ ወደ ጫካ ገፋው።

በሚያዝያ 1931 መንዝ ውስጥ ዘረት የሚባለው ዋሻ ተከበበ። በውስጡ ከአርበኞቹ ጋር ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ነበሩ። ጣልያን የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ። ይህን የራሱ የጣልያን የጦር ሰነዶች ይመሰክራሉ።

ዘመናዊ የጦር ልብወለድ ባለታሪኩን የሚፈራ፣ የሚራብና የሚጠራጠር ሰው ያደርገዋል። የሸዋ አርበኛ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ከበቂ በላይ ነው። ዛሬ የተሸሸገበት መንደር ነገ ይቃጠላል። ባንዳው ጎረቤቱ፣ አንዳንዴም ዘመዱ ነው። ከባዱ ጀግንነት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ፉከራ ግን ይህን ብዙ አይነግረንም።

በጠላት ይዞታ ውስጥ ሆነው በስውር የሚረዱት የውስጥ አርበኞች ጥይትና ወሬ እያቀበሉ ትግሉን አቆይተዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የተጻፈላቸው ጥቂት ነው።

በደብረ ብርሃን በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ።