በክብ ዙሪያ «እኩል ርቀት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የማህተም ፋይል ለቅርጽ መጣልኝ። ዙሪያውን 12 ኮከብ ተደርድሮበታል። አናቱ ላይ ያለው ኮከብ ከመሃል ወደ ግራ ሸሸት ብሏል፤ ከታች ያለው ደግሞ ወደ ቀኝ። ላኪው ጋ ደውዬ ብጠይቀው «ዲስትሪቢዩት አድርጌዋለሁ እኮ፣ እኩል ነው» አለኝ። ዲስትሪቢዩት የሥዕል ሶፍትዌሮች የተመረጡ ነገሮችን በአግድም ወይም በቁም በእኩል ክፍተት የሚደረድሩበት ትእዛዝ ነው። ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ።

እኩልስ እኩል ነው። ችግሩ የምን እኩል የሚለው ነው።

መሶብ ዙሪያ 12 ሰው በደንብ ተራርቆ ተቀምጧል እንበል። በር ላይ ቆማችሁ ስታዩአቸው፣ ጀርባቸውን የሰጧችሁና ከመሶቡ ወዲያ ያሉት ዘርዘር ብለው ይታያሉ። ግራና ቀኝ ጫፍ ያሉት ግን አንዱ ሌላውን ይጋርደዋል። አቀማመጣቸው ልክ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚታዩት። ዲስትሪቢዩት በር ላይ የቆመው ሰውዬ ነው። መሶቡን አያውቅም፤ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ያያል። «ጫፍ ላይ ያላችሁ ተጣብቃችኋል፣ መሃል ያላችሁ ተራርቃችኋል» ብሎ ሁሉንም በአንድ መስመር ሊያስተካክል ይነሳል።

በቁጥር እንየው። ሬዲየሱ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ 12 ነጥብ በትክክል ቢቀመጥ፣ ከግራ ጫፍ እስከ መሃል ያለው አግድም ክፍተት 13.4፣ ከዚያ 36.6፣ ከዚያ 50 ነው። እኩል አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ዲስትሪቢዩት ግን 200ውን ሚሊ ሜትር ለ11 ክፍተት ያካፍልና ለእያንዳንዱ 18.2 ይሰጣል። አናትና ግርጌ ያሉት ሁለቱ ኮከቦች አንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል ሲገባቸው እንደ ሁለት ተራ ተቆጥረው አንዱ 9 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ፣ ሌላው 9 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ይገፋሉ። የደንበኛዬ ማህተም በሽታ ይኸው ነው። «በቁምም ጨምርበት፣ ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። ጨምሩበትና እዩት፤ ክቡ ተንጋዶ ወደ ዳይመንድ የተጠጋ ነገር ይሆናል።

በክብ ላይ እኩል የሚሆነው ከመሃል የሚለካው ማዕዘን ነው። 360ን ለቁጥሩ ማካፈል፣ የመዞሪያውን ነጥብ ከኮከቡ መሃል አንስቶ የክቡ መሃል ላይ መትከል፣ ማዞር፣ ኮፒ፣ መድገም። ኢሉስትሬተር በሚባለው የሥዕል ሶፍትዌር ላይ የማዞሪያውን መሣሪያ ይዛችሁ፣ አልት ተጭናችሁ የክቡን መሃል ስትነኩ በሚመጣው ሳጥን 360/12 ብላችሁ ጻፉ፤ ስሌቱን ራሱ ይሠራዋል። ከዚያ ኮፒ፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ሥራ የሚደግመውን ኮንትሮል ዲ 10 ጊዜ። ሌላው የሥዕል ሶፍትዌር ኢንክስኬፕ ለዚሁ የተሠራ የክብ መደርደሪያ አለው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚከራከረኝ አንድ ሰው አለ፦ «12 ነገር መካከል ያለው ክፍተት 11 ነው፣ ለ11 ነው የሚካፈለው» ይላል። አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጡ 12 ሰዎች እውነት ነው። መሶብ ላይ ግን የመጨረሻው ሰው ከመጀመሪያው ጎን ነው፤ ክፍተቱም 12 ነው። ለ11 ካካፈላችሁ 12ኛው ኮከብ የመጀመሪያው ላይ ቁጭ ይላል። ስክሪን ላይ አይታይም። የስቲከር መቁረጫ ማሽን ግን ያንን ኮከብ ሁለቴ ይቆርጠዋል፣ ሥሩ ያለውንም ወረቀት ይበጥሰዋል።

ቁጥሩም ሁልጊዜ እንደ 12 ገር አይሆንም። የአፍሪካ ኅብረት ባንዲራ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጸድቅ በካርታው ዙሪያ 53 ኮከብ ነበረው። 360ን ለ53 ስታካፍሉ 6.79245 እያለ ይቀጥላል። «በቃ 7» ብሎ ያጠጋጋ ሰው 53ኛው ኮከብ የመጀመሪያውን 4 ዲግሪ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ውጤቱን አስልታችሁ አትጻፉ፤ ማካፈሉን ራሱን ጻፉት። ደቡብ ሱዳንና ሞሮኮ ተጨምረው አባላቱ ዛሬ 55 ናቸው፤ ለ55 የሚሥል ሰው ሁለት ኮከብ ሻጥ አድርጎ አይገላገልም። መሶብ ላይ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ነው ጠጋ ጠጋ የሚለው።

ሌላው ፊታቸው ወዴት ነው የሚለው ነው። በማዞር የተሠራ ክብ ላይ ሁሉም እንደ በላተኛ ወደ መሶቡ ይዞራሉ። የአውሮፓ ኅብረት ባንዲራ ላይ ግን 12ቱም ኮከቦች ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ቦታቸው ብቻ እንደ ሰዓት ቁጥሮች ነው (አናቱ ላይ ያለውን 12 እኛ 6 ሰዓት ብንለውም)። ይህን ለማግኘት ካዞሩ በኋላ እያንዳንዱን ኮከብ ቀጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ወጥመዱም እዚያ ነው። ሶፍትዌሩ የኮከብ መሃል የሚለው የከበበውን ሳጥን መሃል ነው። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ቀጥ ብሎ ሲቆም የሳጥኑ መሃል ከእውነተኛው መሃል የኮከቡን ሬዲየስ (ከመሃሉ እስከ ጫፉ ያለውን) አንድ አሥረኛ ያህል ከፍ ይላል። አንድ በአንድ ቀጥ ስታደርጓቸው እያንዳንዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ፈቅ ይላል፣ ክቡም ይወላገዳል። መፍትሔው ቀለምም መስመርም የሌለው ክብ በኮከቡ ጫፎች ላይ አሳልፎ ከኮከቡ ጋር ግሩፕ ማድረግ ነው። የባንዲራው ይፋዊ መመሪያም ኮከቦቹን የሚለካው በእንዲህ ያለ የማይታይ ክብ ነው፤ ሬዲየሱ የባንዲራው ቁመት 1/18፣ የትልቁ ክብ ደግሞ 1/3።

ፎቶሾፕ ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ የመዞሪያው ነጥብ በአዲሶቹ ቨርዥኖች ተደብቆ ስለሚመጣ መጀመሪያ አስወጡት። ኮከቡም ተራ የፒክስል ሌየር (በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ንብርብር) ከሆነ እያንዳንዱ ኮፒ የሚዞረው ካለፈው ኮፒ ላይ ነው። 12ኛው ሲደርስ 11 ጊዜ ታሽቷል፤ ጠርዙን አጉልታችሁ ብታዩት ከመጀመሪያው ይልቅ የደበዘዘ ነው። በሼፕ ወይም በስማርት ኦብጀክት ሥሩት፤ እነዚህ ዋናውን ሥዕል ስለሚጠብቁ ደጋግመው ቢዞሩም አይታሹም። ለማህተም ቅርጽ ከሆነ ግን ጭራሽ ፎቶሾፕ አትላኩልኝ።