ክሪክ ላይ የተጻፈው ቶን ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ዘመዴ ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ሰው ግቢው ውስጥ መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ ከሥር ተንጋሎ ዘይት ይቀይራል። «ጎበዝ አይደል?» ይላል ዘመዴ። አንድ ተመልካች «ስታንድ የታለ?» ብሎ ጠይቆታል፤ የተነሳን መኪና ከሥር ደግፎ የሚይዘውን የብረት መቆሚያ ማለቱ ነው። ባለቪዲዮው የመለሰው እንዲህ ነው፦ «ክሪኬ 3 ቶን ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ ብትበዛ 1 ቶን ናት። ሂሳቡን ራስህ ሥራው።»

ይህችን መልስ ስሰማት የመጀመሪያዬ አይደለም። ከደንበኛ ሰምቻታለሁ። ከሾፌር ሰምቻታለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ ከመካኒክም ሰምቻታለሁ። እሺ፣ ሂሳቡን እንሥራው።

ሂሳቡ ልክ ነው። እንዲያውም ባለቪዲዮው ራሱን ጎድቷል። መኪና በአንድ ጎን ሲነሳ ሙሉ ክብደቱ ክሪኩ ላይ አይወጣም፤ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ድርሻቸውን ይሸከማሉ። ስለዚህ 3 ቶኑ ከበቂም በላይ ነው። ችግሩ ቁጥሩ ተመልካቹ ላልጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ መሆኑ ላይ ነው።

ቶኑ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው። ክሪኩ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሸክሙ ቀጥ ብሎ አናቱ መሐል ላይ ሲያርፍ፣ እስከዚህ ክብደት ድረስ ወደ ላይ መግፋት ይችላል። ለስንት ሰዓት? አይልም። ከጎን ቢገፋስ? አይልም። መሬቱ ቢሰምጥስ? እሱንም አይልም። ብዙዎቹ የሃይድሮሊክ ክሪኮች ከልክ በላይ ሲጫኑ ዘይቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ አላቸው። ቫልቩ የሚጠብቀው ግን ክሪኩን ነው። ከሥር የተኛው ሰው ለራሱ ይወቅ።

እህል በረንዳ የሄደ ሰው ያውቀዋል። አንድ ኩንታል ጤፍ፣ 100 ኪሎ፣ ብድግ አድርጎ የሚሄድ ተሸካሚ አለ። ጉልበቱ ያስቀናል። አሁን ይህን ሰው «ጆንያውን ከራስህ በላይ ከፍ አድርገህ ያዝልኝ፣ እኔ እግርህ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ ግማሽ ሰዓት ልጋደም» በሉት። ማን ይተኛል? ጉልበቱን ስለምንጠራጠር አይደለም። አፍንጫውን ቢበላውስ? ጭቃው ቢያንሸራትተውስ? ጋሪ የሚገፋ ልጅ ነክቶት ቢያልፍስ? ሦስት ኩንታል የሚሸከም ጎረምሳ ብታመጡም ጭቃው ያው ጭቃ ነው፣ ጋሪውም ያው ጋሪ ነው። ነጋዴው ጆንያውን የሚያሳድረው በሰው ትከሻ ላይ አይደለም፤ የእንጨት ርብራብ ላይ ነው። ስታንድ ማለት ርብራቡ ነው። አያነሳም፣ ዘይት የለውም፣ አይደክመውም። ደግሞ ተሸካሚው ሲደክመው «ያዙልኝ!» ብሎ ይጮኻል። ክሪክ አይጮኽም።

የሃይድሮሊክ ክሪክ መኪናን ይዞ የሚቆየው በምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እጀታውን ስትጫኑ ትንሹ ፒስተን ዘይቱን ወደ ትልቁ ይገፋዋል። የትልቁ ስፋት የትንሹን 20 እጥፍ ከሆነ ኃይሉም 20 እጥፍ ሆኖ ይወጣል፤ እጀታው የሚጨምረው ደግሞ ሌላ ነው። እጃችሁን ስትለቁ ግን ዘይቱ እንዳይመለስ የሚከለክሉት ከሽምብራ የማትበልጥ የብረት ኳስና የጎማ ቀለበት ናቸው። ኳሷ ሥር አንድ የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ወይም ቀለበቱ ከተላጠ ዘይቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል። መኪናውም ቀስ ብሎ ይወርዳል። አንድ ጊዜ የጋራዥ ክሪክ ላይ አንድ ፒክአፕ ማታ ትቼ ሄድኩ። ከሥሩ ሰው አልነበረም። ጠዋት ስመጣ አራት ጣት ያህል ወርዷል። መሬቱ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት የለችም። ከውጭ ብታዩት ሙሉ ጤነኛ ክሪክ ነበር።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ዘይቱ ሲጎድል የፍሬን ዘይት የምትሞሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት። የብዙ ክሪክ የጎማ ቀለበት የተሠራው ለሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋል። ለጊዜው በደንብ ያነሳል፤ ጉዱ የሚታየው በኋላ ነው።

መውረዱ ግን ትንሹ አደጋ ነው። መኪና ከክሪክ ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ነው።

ጎማ ያለውን የጋራዥ ክሪክ ልብ ብላችሁ እዩት። ክንዱ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው። አናቱ ሲነሳ ወደ እጀታው በኩል ይሳባል። ስለዚህ ወይ ክሪኩ በጎማዎቹ ወደ መኪናው መንከባለል አለበት፣ ወይ መኪናው መሳብ አለበት። ሲሚንቶ ላይ ክሪኩ ይንከባለላል፣ ችግር የለም። ጠጠር፣ ኮብልስቶን ወይም ክረምት ላይ ዋልካ መሬት ሲሆን ግን ትንንሾቹ ጎማዎች ይቀረቀራሉ። ያኔ አናቱ ከተቀመጠበት ቦታ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ከላይ ሆናችሁ እጀታውን ስትጫኑ ይህ አይታያችሁም። የሚታያችሁ መኪናው መነሳቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ፒ» እንምጣ፣ አውቶማቲክ መኪና ሲቆም ወደሚገባበት ማርሽ፤ እዚህ ላይ ጎበዝ የተባለ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። «ፒ ላይ አድርጌዋለሁ፣ የት ይሄዳል?» ይላሉ። ቪትዝን የሚነዷት የፊት ጎማዎቿ ናቸው። «ፒ» ላይ ስትሆን የሚቆለፈው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። አንዱን የፊት ጎማ አየር ላይ ካነሳችሁ ግን ዲፈረንሻሉ፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል፣ አለ። አየር ላይ ያለው ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር መሬት ላይ ያለው ወደ ተቃራኒው እንዲዞር ይፈቅዳል። «ፒ» ለዚያ ጎማ የለም ማለት ነው። በእጅ ማርሽ መኪና አንደኛ ማርሽ ማስገባትም ያው ነው። በዚያን ሰዓት መኪናዋን የያዛት የእጅ ፍሬን ብቻ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማዎችን ነው የሚይዘው። እናንተ ደግሞ ሁለቱንም የኋላ ጎማ ካነሳችሁ ፍሬኑ የያዘው አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ነው። ምን ይረባል?

የድሮ ረዳቶች ይህንን ያውቁ ነበር። ታኮ የሚባል ነገር ነበራቸው፦ መኪናው ገና ሳይቆም ዘለው ወርደው ጎማው ሥር የሚወረውሩት እንጨት። የአዲስ አበባን ዳገት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ከምታነሱት ጎማ በተቃራኒ ያለውን ጎማ ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙት። ሌላ ምንም ባታደርጉ ይህቺን አድርጉ።

ልጅ ሆኜ ረዳት መካኒክ ሳለሁ የማልረሳው ነገር አለ። አንድ ትንሽ መኪና በክሪክ ላይ ናት፣ የፊት ግራ ጎማዋ ወጥቷል። ባለመኪናው ስልኩን ወንበር ላይ ረስቷል። ማንንም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ፣ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ወዝወዝ አለች። ከዚያ ክሪኩ በጎን ጋደመ፣ መኪናዋም በዲስኳ ሲሚንቶው ላይ አረፈች። ያን ሰዓት ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አለቃዬ ፒንሳ ሊያመጣ ተነስቶ ነበር። የዚያ ክሪክ ቶን ስንት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ለውጥም አያመጣም ነበር።

«እሺ፣ ስታንድ የለኝም፣ ብሎኬት አደርጋለሁ» የሚልም አለ። ብሎኬት ግድግዳ ሆኖ፣ በሲሚንቶ ተያይዞ፣ ክብደቱ በሙሉ ገጹ ላይ ተዘርግቶ ሲያርፍበት ጥሩ ዕቃ ነው። መኪናው ግን የሚያርፍበት በአንዲት ቀጭን የብረት ጠርዝ ነው። ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት እንዲህ ሲጫን ቀስ ብሎ አይጎብጥም፤ ድንገት ይፈርሳል። ጠንካራ ወፍራም እንጨት ቢያንስ ይንጣጣል፣ ያስጠነቅቃል። ብሎኬት መኪና ሥር ሳይ አሁንም ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል።

ስታንድም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ አንድ የመሣሪያ ሻጭ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስታንዶችን ከገበያ ጠርቷል። የሚይዘው ጥርስ በደንብ ሳይቆለፍ ቀርቶ ድንገት የሚወርዱ ተገኝተው ነው። ለምትክ ከሰጣቸው ውስጥም የአንዳንዶቹ ብየዳ ጉድለት ተገኝቶበት እንደገና ተጠሩ። ስለዚህ እኔ ጥርስ ብቻ ካለው ይልቅ ወፍራም የብረት ዘንግ በቀዳዳ የሚገባበትን እመርጣለሁ። ዘንጉ ወይ ገብቷል ወይ አልገባም፤ በዓይን ይታያል። መኪናውን ስታንዱ ላይ ካወረድኩ በኋላ ደግሞ ክሪኩን ሳላወጣ፣ ነካ እንዲል ብቻ አድርጌ እተወዋለሁ። ከዚያ ቆሜ በትከሻዬ መኪናውን ደህና አድርጌ እገፋዋለሁ። የሚወድቅ ከሆነ ያን ጊዜ ይውደቅ።

ክሪኩን የት ማድረግ እንዳለባችሁ የመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ፣ አልደግመውም። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ መኪናው ተጋጭቶ ባትላሜራ የሠራው ከሆነ በሩ ሥር ያለውን ጠርዝ በጣት አንኳኩ። ብረት ሳይሆን ስቱኮ (የመሙያ ሊጥ) ከሆነ ክሪኩ እንደ ዳቦ ይበሳዋል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ በየግቢው እየበዙ የመጡት እነሱ ናቸው። ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ተዘርግቷል። ክሪክ እሱን ከነካው ጨዋታው ሌላ ነው፣ ወጪውም እንዲሁ። እንደ አይዲ 4 ያለው ደግሞ 2 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የቪትዟን ሂሳብ እዚያ እንዳትወስዱት።

መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶባችሁ የመኪናውን መቀስ ክሪክ ብትጠቀሙ ማንም አይቆጣችሁም፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ፣ ስኮርቱን (ትርፍ ጎማውን) አምጥታችሁ በሩ ሥር አንጋልሉት። ቢወድቅ እንኳ ጎማው ላይ ይወድቃል፣ እጃችሁ ላይ አይደለም። የወጣውን ጎማ ስኮርቱ በነበረበት ትተኩና ሥራችሁን ትጨርሳላችሁ። ከሥር ግን አትገቡም፣ የወደቀ ብሎን ለማንሳትም ቢሆን።

የኔም መኪና ዘይት የሚቀየርበት ቀን አልፏል። ባለፈው ወር ጎረቤቴ ሁለቱን ስታንዶቼን ተውሶ አንዱን ብቻ መለሰ። «አንዱ አይበቃህም እንዴ፣ በሌላው በኩል ክሪኩ አለ አይደል?» አለኝ።