«ምንቃራቸውን ቁረጥልኝ» ለምትሉኝ የዶሮ ባለቤቶች

ኧረ ሰለቸኝ! ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚደውልልኝ ሰው ወሬው አንድ ነው፣ «ዶክተር፣ ዶሮዎቹ ላባቸውን ተነቃቅለው ጨረሱት፣ ና ምንቃራቸውን ቁረጥልኝ»። እሺ ቆረጥኩት እንበል፣ ከዛስ?

ዶሮ እኮ ስራዋ መጫርና መንቆር ነው። የዶሮ ሁሉ ዘር የመጣባት የእስያዋ የጫካ ዶሮ ቀኗን በአብዛኛው መሬት ስትጭር ነው የምትውለው፣ የእናንተ የፈረንጅ ዶሮም ይሄ ጸባይ አልለቀቃትም። እናንተ ደግሞ ባዶ ሊሾ ላይ አጨናንቃችሁ መኖውን በገንዳ ትሰጧታላችሁ፣ በልታ ስትጨርስ ምን ትስራ? ፊቷ ያለው የጓደኛዋ ጭራ ነው፣ እሱን ትነቁራለች፣ ደም ከታየ ደግሞ ሁሉም ይረባረቡና እስከ መግደል ይደርሳሉ። ምንቃር መቁረጥ ጉዳቱን ይቀንስ ይሆናል፣ መንስኤውን ግን አይነካውም። ደግሞ ጫፉ ድረስ ነርቭ አለው፣ ያደገች ዶሮን በጋለ ብረት መቁረጥ ማሰቃየት ነው፣ መኖ ማንሳት ሁላ ያቅታታል።

ቦርከና ወንዝ አካባቢ ያሉ አንዲት እናት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ያበሩ ነበር፣ «እንቁላል እንዲጨምሩ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። የቀኑ ብርሃን ተደምሮ 16 ሰዓት በቂ ነው፣ ኃይለኛ መብራት መነቃቀሉን ያባብሰዋል። አምፖሉን በትንሽ ቀየርን፣ የቆሰሉትን ለየን፣ ጭድ ጎዘጎዝንና ስንዴ በተንንበት፣ ጥቅል ጎመን ከጣሪያ በገመድ አንጠለጠልን። ላባው ቶሎ አልመጣም፣ ደሙ ግን ቆመ።

«ስጋ አምሯቸው ነው» የምትሉ፣ ግማሽ እውነት አላችሁ፣ ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ዶሮ ፕሮቲን በተለይ ሜቲዮኒን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳታል። መፍትሄው ግን የተመጣጠነ የእንቁላል ጣይ መኖ ነው፣ የሆቴል ትራፊ አይደለም።

«ላባ እየቀየሩ ነው»? ያ ከራስና ከአንገት ይጀምራል፣ አዲስ ላባም ወዲያው ይበቅላል፣ አይደማም። ጀርባና ጭራ ስር ከተላጠ ተነቃቅለው ነው።

«ቅማል ነው» ሊሆን ይችላል፣ ክንፍ ስርና ፊንጢጣ ዙሪያ ገልጣችሁ እዩ።

«ዓይን በልቷቸው ነው» ለሚሉኝ መልስ የለኝም፣ ጭዱን ግን ጎዝጉዙ። ደሴ ያላችሁ ደግሞ በክረምት ጉዝጓዙ ሲረጥብ ቶሎ ቀይሩት፣ አለዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣና ለሌላ ጣጣ ትደውሉልኛላችሁ።