የዲኤክስ ሞተር እንክብካቤ በሰሜን ሸዋ

ዲኤክስ የምንለው መኪና እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቶዮታ ኮሮላ ዓይነት ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፎር ኬ የተባለው 1,290 ሲሲ ሞተር ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡራተር አለው፤ ኮምፒውተር የለውም። ስለዚህ መፍቻ የያዘ ጥሩ መካኒክ የትም ቦታ ይሠራዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠብቆ መያዝ የግድ ሆኗል።

የሰሜን ሸዋ መንገድ ለዚህ ሞተር ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈው ሸዋሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ጠዋት በውርጭ የተነሣ መኪና ረፋዱ ላይ ቆላ ይገባል።

ጉልበት ሲያንስ ብዙ ሰው መጀመሪያ ካርቡራተር ያስነካል። እኔ ግን ቅድሚያ ለማቀዝቀዣው እሰጣለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ በሥራ ላይ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም። ለክዳን የወጣች ትንሽ ገንዘብ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ከማስወረድ ታድናለች። ከቧንቧ ውሃ ብቻ ይልቅ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቢሞላ ዝገትንም ውርጭንም ይከላከላል። ሞተር ሞቀ ተብሎ ሙቀት መቆጣጠሪያውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ግን ትልቅ ጥፋት ነው። በደጋው ብርድ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል፤ ቤንዚን ይበላል፤ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ቶሎ ያልቃል።

አንድ ነገር በተለይ ልንገራችሁ። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ሲታይ "ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ተቃጥሏል" ተብሎ ሞተር ይፈታል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ የሚመላለስ መኪና ግን በብርዱ ምክንያት እርጥበት ያጠራቅምና ይህንኑ ያሳያል። ከመፍታት በፊት የዘይት መለኪያ ዘንጉ ይታይ። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ራዲያተሩም ውሃ ካልጎደለው፣ ረጅም መንገድ ነድቶ ማየት ይሻላል። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ከነጣና ውሃም በየቀኑ ከጎደለ ግን መኪናው መነዳት የለበትም።

ካርቡራተሩንም ከፍታው ይነካዋል። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው (እሳት የሚጭረው) ጥላሸት ይለብሳል። ጂግለሩን (የካርቡራተሩን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ለደጋ ብቻ ብሎ በጣም ማሳነስ ደግሞ አደጋ አለው። ሮቢት ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሰውና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ሁለቱንም አገር ለሚነዳ ሰው በፋብሪካው ልክ ትቶ ካንዴላውን ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ይበጃል። የቫልቭ ክፍተትም አይረሳ፤ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የመግቢያው 0.20፣ የመውጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው መቀየርን ሁሉም ስለሚያውቀው አላስረዝምም።

ቁልቁለቱን በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መውረድ ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ የተለመደ ነው። አይደረግ። ፍሬኑ ይግላል፤ ግሎም አልይዝ ይላል። በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይያዝ። ከሮቢት ወደ ላይ ሲመለሱ ደግሞ ሙቀት ቤንዚኑን በፓምፑ ውስጥ ያተንነውና ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ዳር ይዞ መቆም፣ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ፣ ጥቂት መጠበቅ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግን ሞተሩ በደንብ እስኪበርድ አይነካም።