ኮቴ፣ ሰኮና እና ሸሆና፦ የእንስሳት እግር ስያሜዎች በአማርኛ

ኮቴ የጋማና የቀንድ ከብት የእግር ጣትን ጫፍ የሚሸፍነው ጠንካራ አካል መጠሪያ ነው። ሰኮና እና ሸሆናም ይኸንኑ አካል ይጠራሉ፤ ይሁን እንጂ ሰኮና ከመጽሐፍ፣ ኮቴ ደግሞ ከመንገድና ከገበያ ጋር የተቆራኙ በመሆናቸው አንዱ በሌላው ቦታ ሁልጊዜ አይገባም። የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያ ኮቴ ድፍን ሲሆን የበሬ፣ የበግና የፍየል ለሁለት የተከፈለ ነው። አንበሳ፣ ውሻና ድመት መዳፍና ጥፍር እንጂ ሰኮና አላቸው አይባልም።

ከሦስቱ ታሪኩ በጽሑፍ በደንብ የሚታወቀው ሰኮና ነው። በግእዝ «ሰኰና» የሰውን ተረከዝም የእንስሳንም ኮቴ ያመለክታል። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት 40ኛው መዝሙር ላይ እንጀራ በልቶ የከዳው ወዳጅ «አንሥአ ሰኰናሁ ላዕሌየ» ተብሎበታል፤ አማርኛው ይህን «ተረከዙን በእኔ ላይ አነሣ» ይለዋል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዘፍጥረት 3፥15 ስለ ሴቲቱ ዘር ሲናገር የግእዙን ቃል እንዳለ አስቀርቶ «ሰኮናውን» ብሏል። የዛሬ አንባቢ ሰኮናን ከከብት ጋር ብቻ ስለሚያያይዘው እዚህ ቦታ ላይ ግር ቢለው አያስደንቅም፤ የቆየውን ትርጉም የጠበቁት ግን ተርጓሚዎቹ ናቸው። ቃሉ ለእንስሳ ብቻ የዋለበት ዋናው ስፍራ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ነው። በዚያ ሕግ መሠረት የሚበላው እንስሳ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ መሆን አለበት፤ ግመል ቢያመሰኳም፣ ዐሣማም ሰኮናው ቢሰነጠቅም ከሁለቱ አንዱ ስለሚጎድላቸው አይበሉም። ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናንና በቤተ እስራኤል ዘንድ ጸንቶ በመኖሩ፣ ቃሉ ካህን ባልሆነውም ሰው አፍ ሊቆይ ችሏል።

የግእዙን ቃል ለመመርመር የውጭ አገር ሊቃውንቱ ዲልማን በ1865 እና ሌስላው በ1987 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ያሳተሟቸው መዛግብተ ቃላት ጠቃሚ ናቸው። ይሁን እንጂ ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፣ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው የደከሙበትና ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በአገር ልጆች ብርታት የቆመ በመሆኑ ከሁሉም አስቀድሞ ሊገለጥ የሚገባው ነው። ሸሆና ከሰኮና የወጣ ይመስላል፤ ሰ ወደ ሸ፣ ከ ወደ ኸ ከዚያም ወደ ሀ ተለውጦ፣ በመካከል ሸኾና የሚል ቅርጽ ይገኛል።

ኮቴን በተመለከተ ኦሮምኛም ለዚሁ አካል «ኮቴ» የሚል ቃል አለው። አማርኛ ከኦሮምኛ ወስዶት ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ቋንቋዎች የቆየ የጋራ ቃል ሊሆንም ይችላል።

በገበሬ ዘንድ ኮቴ ራሱ የሥራ መሣሪያ ነው። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ከብት በእርሻው ላይ እየተነዳ አፈሩ ይረገጣል፤ ደቃቁ ዘር ከላይ የሚዘራው አፈሩ ጠቅጠቅ ብሎ ሲገኝ ነው። በመኸር ጊዜ ደግሞ በእበት በተለቀለቀ ውድማ ላይ በሬዎቹ ክብ እየዞሩ ያበራያሉ፤ እህሉ ከገለባው የሚለየው በኮቴያቸው ነው። የአፍተግር በሽታ እረኛን የሚያስጨንቀውም ለዚህ ነው፤ ቁስሉ በአፍ ውስጥና በተሰነጠቀው ሰኮና መሀል ሲወጣ ከብቱ መብላትም መርገጥም ያቅተዋል።

ኮቴ ከአካሉ አልፎ የእርምጃን ድምፅ ያመለክታል፤ በዚህ ፍቺው ለሰውም ይውላል። «ኮቴ ሰማሁ» ያለ ሰው የሚመጣውን ገና አላየም። «ኮቴውን አጥፍቶ ገባ» ሲባልም ድምፅ ሳያሰማ መግባቱ ነው። መሬት ላይ የሚቀረው ምልክት ግን ዱካ ወይም ዳና ይባላል፤ የጠፋ ከብት የሚፈልግ ሰው ዳናውን ይከተላል እንጂ ኮቴውን አይከተልም፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን ሁለቱን ያደባልቃሉ።

በዘመናችን ቃሉ የክፍያ ስምም ሆኗል። የኮቴ ክፍያ የሚባለው በየከተማው መግቢያ ወይም በመጫኛ ቦታ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሲሆን፣ ስያሜው ወደ ገበያ ከሚነዳ ከብት ላይ ይሰበሰብ ከነበረ ቀረጥ የመጣ ይመስላል። ዛሬ ከጭነት መኪናም ይጠየቃል። የከባድ መኪና ሾፌሮች በየኬላው መደጋገሙን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ሰብሳቢዎቹ በበኩላቸው የከተማ አገልግሎት ገቢ ነው ይላሉ።