የኖርዝፊልድ ባንክ ዘረፋ

የኖርዝፊልድ ባንክ ዘረፋ የሚባለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1876 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ኖርዝፊልድ በተባለች አነስተኛ ከተማ የተፈጸመ የዘረፋ ሙከራ ነው። ወንጀሉን የፈጸሙት ስምንት ሽፍቶች ከሚዙሪ የመጡ ሲሆን፣ ወንድማማቾቹ ጄሲና ፍራንክ ጄምስ እንዲሁም ኮል፣ ጂምና ቦብ ያንገር ይገኙባቸዋል። አንዳንዶቹ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ለደቡብ ግዛቶች ወግነው በደፈጣ የተዋጉ ነበሩ።

ሦስቱ ወደ ባንኩ ገብተው ሠራተኞቹ ላይ ሽጉጥ ደገኑ። በዕለቱ ዋናውን ገንዘብ ያዥ ተክቶ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሠራተኛው ጆሴፍ ሊ ሄይዉድ፣ ካዝናው ሰዓቱ ካልደረሰ በማይከፈት ቁልፍ እንደተዘጋ ነገራቸው። ቢደበድቡትም፣ አንገቱ ላይ ቢላዋ ቢያሳርፉም ከቃሉ ፈቀቅ አላለም፤ በመጨረሻም ጭንቅላቱን በጥይት መትተው ገደሉት። የሚገርመው ግን ካዝናው ፈጽሞ አልተቆለፈም ነበር፤ በሩን ስቦ የሞከረ ሽፍታ አልነበረም እንጂ።

ውጭ ደግሞ ነገሩ ቀድሞ ተነቅቶበት ስለነበር፣ የብረታ ብረት ነጋዴው ማኒንግ ከመንገድ ዳር፣ ለእረፍት የመጣው የሕክምና ተማሪ ሄንሪ ዊለር ደግሞ ከሆቴል መስኮት እየተኮሱ ከሽፍቶቹ መካከል ክሌል ሚለርንና ቢል ቻድዌልን ገደሉ። መሣሪያ ያላገኘው ድንጋይ ወረወረ። ኒኮላስ ጉስታፍሰን የተባለ ስዊድናዊ ስደተኛም በሽፍቶቹ ጥይት ተመትቶ በኋላ ሞተ። ሁሉም ነገር ሰባት ደቂቃ ያህል የፈጀ ሲሆን፣ ዘራፊዎቹ ይዘው የሄዱት 26 ዶላር ከ70 ሳንቲም ብቻ ነበር።

አገሩን ያውቅ የነበረው ቻድዌል በመሞቱ፣ የተረፉት ስድስቱ በዝናብ በራሰው ጫካና ረግረግ ውስጥ መንገድ ጠፋባቸው። በአሰሳው ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተሰማራ። የጄምስ ወንድማማቾች ከጓዶቻቸው ተለይተው ወደ ምዕራብ አመለጡ፤ የቀሩት አራቱ ግን ሴፕቴምበር 21 ቀን ማዴሊያ በተባለች ከተማ አጠገብ ተከበቡ። ያሉበትን ያጋለጠው አስለ ሶርበል የተባለ የገበሬ ልጅ፣ ተጠርጣሪ እንግዶችን አይቶ በፈረስ እየጋለበ ለከተማው የነገረ የ17 ዓመት ወጣት ነው። በተኩሱ ቻርሊ ፒትስ ሲሞት ሦስቱ ያንገሮች ቆስለው ተማረኩ። ጥፋታቸውን በማመን ከስቅላት ተርፈው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ቦብ በ1889 በእስር ላይ እያለ ሲሞት፣ ኮልና ጂም በ1901 በአመክሮ ተፈቱ።

የባንኩ ሕንፃ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከተማዋም በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ በምታከብረው በዓል ተኩሱን በዚያው ጎዳና በትዕይንት ታሳያለች፤ የበዓሉም ስም «የጄሲ ጄምስ ሽንፈት ቀናት» ነው።