የውስን አውቶማታ የመጠን ንጽጽር

ውስን አውቶማታ ቃልን ምልክት በምልክት እያነበቡ ከሁኔታ ወደ ሁኔታ የሚሸጋገሩ፣ በመጨረሻም ቃሉን የሚያሳልፉ ወይም የሚጥሉ ሐሳባዊ ማሽኖች ናቸው። ዲተርሚኒስቲኩ በየእርምጃው አንድ መንገድ ብቻ አለው፣ ኖንዲተርሚኒስቲኩ ከብዙ አማራጮች መገመት ይችላል፣ ባለሁለት አቅጣጫው ወደ ኋላም ተመልሶ ያነባል። ሦስቱ የሚለዩዋቸው ቋንቋዎች፣ ማለትም የቃላት ስብስቦች፣ አንድ ናቸው፤ ሁሉም መደበኛ ከሚባሉት ቋንቋዎች አያልፉም። ልዩነቱ በመጠን ላይ ነው፤ አንዱ በጥቂት ሁኔታዎች የሚገልጸውን ቋንቋ ሌላው በሺዎች ይገልጸዋል።

ተመራማሪዎቹ ራቢንና ስኮት በ1959 ያሳዩት፣ ኖንዲተርሚኒስቲኩን ወደ ዲተርሚኒስቲክ የሚቀይር ዘዴ ኖንዲተርሚኒስቲኩ በአንድ ጊዜ ሊገኝባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች ስብስብ እንደ አንድ ሁኔታ ይቆጥራል። ስለዚህ ሀ ሁኔታዎች ያሉት ማሽን ሲቀየር ቁጥሩ 2 በራሱ ሀ ጊዜ ተባዝቶ እስከሚሰጠው ሊያድግ ይችላል።

ከ0ና ከ1 የተሠሩ፣ ከመጨረሻ አሥረኛ ምልክታቸው 1 የሆነ ቃላትን እንውሰድ። ኖንዲተርሚኒስቲኩ «አሥረኛው ይህ ነው» ብሎ ይገምትና ቀሪዎቹን ዘጠኝ ይቆጥራል፤ 11 ሁኔታዎች ይበቁታል። ዲተርሚኒስቲኩ ግን የመጨረሻዎቹን አሥር ምልክቶች ሁሉ መያዝ ስላለበት 1,024 ይፈልጋል። ከዚህ መቀነስ አይቻልም፤ አሥር አሥር ምልክት ያላቸው ሁለት የተለያዩ ቃላት ቢያንስ በአንድ ቦታ ይለያያሉና፣ ያ ቦታ ከመጨረሻ አሥረኛ እስኪሆን በሁለቱም ላይ 0 ሲጨመር አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይወድቃል። ከ11 ሁኔታዎች የሚወጡት ንዑስ ስብስቦች 2,048 ቢሆኑም መነሻው ከስብስቡ ስለማይጠፋ የሚደረስበት ግማሹ ብቻ ነው።

ባለሁለት አቅጣጫው ያለ ግምት እስከ ቀኝ ዳር ሄዶ አሥር እርምጃ ይመለሳል፤ ወደ 12 ሁኔታዎች ይበቁታል። መመለስ መገመትን ሁልጊዜ በርካሽ፣ ማለትም የሁኔታዎችን ቁጥር ብዙ ሳያሳድግ፣ ይተካል ወይ? ሳኮዳና ሲፕሰር በ1978 ያነሱት ይህ ጥያቄ እስካሁን አልተፈታም፤ በዘርፉ ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ጥያቄ የለም።

ምልክቱ አንድ ብቻ ሲሆን ዕድገቱ ይለዝባል። ርዝመታቸው ለ210 የማይካፈል ቃላትን ለመለየት ኖንዲተርሚኒስቲኩ ከ2፣ 3፣ 5 እና 7 አንዱን መርጦ በቀሪ ይቆጥራል፤ ከመነሻው ጋር 18 ሁኔታዎች ናቸው። ዲተርሚኒስቲኩ 210 ያስፈልገዋል።

ንጽጽሩ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ በቆጠራ ነው። መውጫ የሌለው ወጥመድ ሁኔታ በአንዱ ማሽን ተቆጥሮ በሌላው ከተተወ ውጤቱ በአንድ ይዛነፋል። ሽግግሮችን መርሳት ከዚህ ይብሳል፤ 100 ሁኔታዎች ያሉት ኖንዲተርሚኒስቲክ ለአንድ ምልክት እስከ 10,000 ሽግግሮች ሊኖሩት ይችላል፣ ዲተርሚኒስቲኩ ግን ቢበዛ 100። ዲተርሚኒስቲኩ ከመነጻጸሩ በፊት ወደ አነስተኛው ይጨመቅ፤ አነስተኛው አንድ ብቻ ነው፣ የሆፕክሮፍት ስልትም በፍጥነት ያገኘዋል። የኖንዲተርሚኒስቲኩ አነስተኛ ግን ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ፍለጋውም እጅግ ከባድ ነው።